የተቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ በምን እንተካው?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንዲት የብረት ሣጥን ነው። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ፤ ከኋላ በኩል ማራገቢያ የሚዞርባትን፤ የመብራቱም ገመድ የሚሰካባትን ይህችን ሣጥን ያውቃታል፤ ስሟንም ፓወር ሰፕላይ ይላታል። ደኅና እስከ ሆነች ድረስ ግን ማንም አያስባትም። በተቃጠለች ዕለት ደግሞ ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ይጣደፋል፤ ወደ ገበያ ሮጦ በመጀመሪያ ያገኘውን ገዝቶ ይመለሳል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ለዚህ ሰው የተተረተ ይመስላል። እንግዲህ ሳንቸኩል እንነጋገርበት።

በኛ በጉለሌ፤ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፤ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፤ ጀማሪው የመንግሥት ሠራተኛም ማታ ማታ የትርፍ ሥራውን የሚሠራበት ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ አዲስ አይደለም። በውጭ አገር መሥሪያ ቤት ለዓመታት አገልግሎ፤ ተጠራርጎ የመጣ ነው። ሲበላሽ «ሌላ ልግዛ» የሚባልም አይደለም። ይልቁንም ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ለደመወዝተኛ ኪስ እየከበደ ሄዷል። ስለዚህ የተበላሸውን ክፍል ብቻ መተካት ግድ ይሆናል። አተካኩ ከተሳሳተ ግን የሚጠፋው የሣጥኒቱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ መጥፎ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ማዘርቦርዱንና ሃርድ ዲስኩን ይዞ የሚሞትበት ጊዜ አለና። ጥቂት ብር አተርፋለሁ ብሎ የሁለት ዓመት ጽሑፍ ማጣት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ነው።

በትምህርት ቤቶችም ቢሆን ነገሩ የዋዛ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ኮምፒውተር ተበላሽቶ ቆሟል የሚለው ጥያቄ የተማሪ ዕድል ጥያቄ ሆኗል።

ለመሆኑ የዚህች ሣጥን ሥራ ምንድን ነው? ከግድግዳችን የሚወጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ አቅጣጫውንም በሰከንድ ውስጥ 50 ጊዜ ሄዶ ይመለሳል። የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ግን ይህን አይችልም። እርሱ የሚፈልገው አቅጣጫው የማይለዋወጥ፤ ልኩም የታወቀ 12 ቮልት፤ 5 ቮልትና 3.3 ቮልት ነው። ሣጥኒቱ ኃይለኛውን ተቀብላ፤ አለዝባና መጥና ለየክፍሉ ታድላለች። ልኩም ከተባለው ከመቶ 5 እጅ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ እንዳይል ደንብ ወጥቶለታል። ከዚያ ሲያልፍ ዕቃው ወይ ይሰንፋል፤ ወይ ይቃጠላል።

ታዲያ ከኮምፒውተሩ አካል ሁሉ ቀድማ የምትደክመው ስለ ምን እርሷ ሆነች? ከመንገድ የሚመጣውን መከራ ሁሉ በመጀመሪያ የምትቀበል በረኛ ስለ ሆነች ነው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ጎረቤታሞች በአንድ ሰዓት ምጣዳቸውን ሲጥዱ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል ያላየ የሠፈራችን ሰው የለም። ቮልቱ ወረደ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚፈልገውን ኃይል አይቀንስም፤ ስለዚህ የጎደለውን ቮልት በአምፔር ያካክሳል። 250 ዋት የሚስብ ኮምፒውተር በ220 ቮልት 1.1 አምፔር ያህል የሚወስድ ሲሆን፤ ቮልቱ ወደ 160 ቢወርድ 1.6 አምፔር ገደማ ይወስዳል። አምፔር ሲበዛ ሙቀት ይበዛል። በሣጥኒቱ ውስጥ ያሉት ካፓሲተር የሚባሉ ትንንሽ ቆርቆሮዎች ደግሞ ጠላታቸው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ያጥራል። በዚህ ላይ የማራገቢያውን መንገድ የዘጋውን አቧራና ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመጣ ይዞት የሚመጣውን ድንገተኛ ግፊት ጨምሩበት።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ሞቷን አረጋግጡ። ኮምፒውተር አልነሣም ባለ ቁጥር ጥፋቱ የፓወር ሰፕላይ አይደለም። መጀመሪያ በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ዕቃ ሰክታችሁ እዩ። ቀጥሎ ገመዱን በሌላ ገመድ ቀይሩ። በሣጥኒቱ ጀርባ ያለው ማብሪያ መከፈቱንም ተመልከቱ፤ የጽዳት መወልወያ ነክቶት የተዘጋ ማብሪያ ስንቱን ሰው ወደ ጠጋኝ ቤት ልኮታል! ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ሌላ ፈተና አለ። ገመዱን ከግድግዳው ነቅላችሁ፤ ባለ 24 ፒኑን ትልቅ መሰኪያ ከማዘርቦርዱ አውጡ፤ በመሰኪያው ላይ አረንጓዴውን ሽቦና ከጥቁሮቹ አንዱን በአጭር ሽቦ አገናኙ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ገመዱን ሰኩ። ማራገቢያው ካልዞረ ሣጥኒቱ ሞታለች ማለት ይቻላል። መዞሩ ግን ብቻውን የጤና ምስክር አይሆንም፤ በመልቲሜትር ሲለካ ቢጫው ሽቦ ከ11.4 እስከ 12.6፤ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፤ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 ቮልት ማሳየት አለበት። ይህ ፈተና ኤቲኤክስ ለሚባለው ለተለመደው ዓይነት ብቻ ነው፤ ሽቦው ሁሉ ጥቁር የሆነ ወይም መሰኪያው ልዩ የሆነ ሣጥን ካጋጠማችሁ ለባለሙያ ተዉት።

ሞቷ ከተረጋገጠ እንግዲህ ወደ ገበያ እንወጣለን። ስትወጡም አሮጌዋን ነቅላችሁ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው የመምረጫ ሚዛን ዋጋም ዋትም አይደለም፤ ቅርፅና መሰኪያ ነው። ኤቲኤክስ የተባለው ደንብ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 በኢንቴል ኩባንያ የወጣ ሲሆን፤ የዚህ ዓይነቷ ሣጥን ወርዷ 15 ሴንቲ ሜትር፤ ከፍታዋም 8.6 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለ 24 ፒን ትልቅ መሰኪያ፤ ለፕሮሰሰሩ ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ሌላ መሰኪያ፤ ለሃርድ ዲስኩም ጠፍጣፋ የሳታ መሰኪያ አላት። ኮምፒውተራችሁ በተለያዩ ክፍሎች የተገጣጠመ ከሆነ ይህች ትበቃችኋለች። በኩባንያ ስም ተሠርቶ የመጣ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ዋናው መሰኪያው 24 ሳይሆን 8 ፒን ነው፤ የኤችፒም አያሌ ሞዴሎች የራሳቸው መሰኪያና የራሳቸው ቅርፅ አላቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር የሚሻለው በአሮጌዋ ላይ የተጻፈውን የዕቃ ቁጥር ገልብጦ ያንኑ መፈለግ ነው። ማገናኛ ሽቦም ይሸጣል፤ ነገር ግን ለዚያው ሞዴል የተሠራ ለመሆኑ ማረጋገጫ ካላገኛችሁ አትንኩት። መሰኪያው ገጠመ ማለት ሽቦው ተስማማ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ሚዛን የኃይሉ መጠን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያለ ስሌት ይገዛል። አንድ ተራ የጽሕፈትና የጥናት ኮምፒውተር እንውሰድ። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት፤ ማዘርቦርዱና ማስታወሻው በአንድነት 45 ዋት ያህል፤ ሃርድ ዲስኩ 10፤ ማራገቢያዎቹና ሌላው ትርፍራፊ 15 ዋት ቢሆኑ፤ ጠቅላላው 135 ዋት ነው። ሣጥኒቱ ሁልጊዜ በሙሉ አቅሟ እንዳትሠራና ሃርድ ዲስኩ ሲነሣ ለሚስበው ትርፍ ኃይል ቦታ እንዲኖር፤ እጥፉን ብንወስድ 270 ዋት ይሆናል። እንግዲህ እውነተኛ 300 ዋት ይበቃል። የራሱ የኃይል መሰኪያ የሌለው ግራፊክስ ካርድ ቢጨመር፤ ከማዘርቦርዱ የሚወስደው ቢበዛ 75 ዋት ስለ ሆነ፤ እውነተኛ 400 ዋት አይቸግረውም። ለካርዱ ባለ 6 ፒን መሰኪያ ካለው ሌላ 75፤ ባለ 8 ፒን ከሆነም ሌላ 150 ዋት ጨምራችሁ አስሉ።

«እውነተኛ» የሚለውን ቃል ደጋግሜ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በገበያችን የሚሰማውን ንግግር አድምጡ፦

«ፓወር ሰፕላይ አለ?»

«ሞልቶ! ስንት ዋት ይሁንልህ?»

«ስንት ስንት አለህ?»

«አምስት መቶም፤ ስድስት መቶም አለ። ዋጋው አንድ ነው፤ ትልቁን ውሰድ ወንድሜ።»

«ዋጋው አንድ ነው» የሚለው ቃል ራሱ ምስክር ነው። መቶ ዋት በነፃ የሚጨምር ፋብሪካ የለም፤ የተጨመረው በካርቶኑ ላይ ያለው ቀለም ነው። ስለዚህ የካርቶኑን ትልልቅ ቁጥር ትታችሁ በሣጥኒቱ ጎን የተለጠፈውን ትንሹን ሠንጠረዥ አንብቡ። በዚያ ላይ «+12V» ከሚለው ሥር ስንት አምፔር እንደ ተጻፈ ፈልጉና በ12 አባዙት። በዛሬው ኮምፒውተር ሥራውን የሚሠራው በብዛት ይህ መስመር ነው። ካርቶኑ 500 ዋት እያለ በ12 ቮልቱ መስመር የተጻፈው 18 አምፔር ቢሆን፤ ብዜቱ 216 ዋት ብቻ ነው። ሌላዋ 400 ዋት የምትል ሣጥን 30 አምፔር ቢኖራት፤ ብዜቱ 360 ዋት ነው። ታዲያ የቱ ይበልጣል? ሠንጠረዡ ጨርሶ የሌለባትን ሣጥን ደግሞ ለባለቤቷ መልሱለት።

ሦስተኛው ሚዛን ለኛ ሠፈር ሰው ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። በዚያው ሠንጠረዥ አናት ላይ የምትቀበለው ቮልት ተጽፏል። አንዳንዷ ከ200 እስከ 240 ትላለች፤ አንዳንዷ ግን ከ100 እስከ 240 ትላለች። ምጣድ ሲጣድ ቮልቱ የሚወርድበት ቤት ያለው ሰው ሁለተኛዪቱን ይምረጥ። የመጀመሪያዪቱ በ170 ቮልት ስትንገዳገድ ሁለተኛዪቱ ሥራዋን ትቀጥላለች። በጀርባዋ 115 እና 230 የሚል ቀይ መለወጫ ያለባት አሮጌ ሣጥን ካጋጠመቻችሁ፤ ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። በ115 ላይ እንዳለች በኛ መብራት የተሰካች ሣጥን በአንድ ጩኸት ትሰናበታለች።

አራተኛው ሚዛን ሥራዋ የተጣራ መሆኑ ነው። «80 ፕላስ» የሚባል ምልክት አለ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የተጀመረ የምስክር ወረቀት ነው። ትርጕሙም ከግድግዳው ከሚወሰደው ኃይል ቢያንስ ከመቶ 80 እጁ ለኮምፒውተሩ ይደርሳል፤ ቀሪው ብቻ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል ማለት ነው። ከዚያም በላይ ነሐስ፤ ብር፤ ወርቅ እየተባለ ደረጃው ይወጣል። ጥቅሙን በቍጥር እንየው። ለኮምፒውተሩ 150 ዋት የምትሰጥ ሣጥን ከመቶ 65 እጅ ብቻ የምታደርስ ብትሆን ከግድግዳው 231 ዋት ያህል ትወስዳለች፤ 85 እጅ የምታደርሰዋ ግን 176 ይበቃታል። የ55 ዋት ልዩነት በቀን ለ8 ሰዓት፤ በወር ለ25 ቀን ሲሠራ 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ቆጣሪውም ይህን ይቆጥራል። ከገንዘቡ ይልቅ ግን የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው፤ ሙቀት ዕድሜዋን እንደሚያሳጥር ቀደም ብለን አይተናልና። ምልክቱን አስመስሎ የሚያትም አይጠፋም፤ የተመሰከረላቸው ሞዴሎች ዝርዝር በይፋ የሚታይ ስለ ሆነ ስሟንና ቁጥሯን በስልካችሁ አመሳክሩ። እጃችሁም ይመስክር፤ በዋት እኩል ነን ከሚሉ ሁለት ሣጥኖች አንዷ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የምትቀል ከሆነ፤ ከውስጧ የጎደለ ነገር አለ።

«ያገለገለ ልግዛ ወይስ አዲስ?» የሚል ጥያቄም ይነሣል። ከታወቀ ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ የተነቀለች ያገለገለች ሣጥን፤ ስሟ ከማይታወቅ አዲስ ሣጥን የምትሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም ያገለገለችው ዕድሜዋን ገፍታለች። ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተሰክታ ለጥቂት ጊዜ ስትሠራ ሳታዩ፤ ማራገቢያዋን ሳታዳምጡ፤ ሽታዋንም ሳታሸቱ አትክፈሉ። ለአዲሲቱም ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ጠይቁ። «እኔ አለሁ» የሚል ቃል መልካም ነው፤ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ደግሞ የበለጠ ይጸናል።

እዚህ ላይ በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግዥ ክፍል ለተቀመጣችሁ ወጣቶች አንድ ቃል አለኝ። በግዥ መጠየቂያው ላይ «ፓወር ሰፕላይ 500 ዋት» ብላችሁ ብቻ ብትጽፉ፤ ያንኑ ቁጥር በካርቶን ላይ ያተመ ርካሽ ዕቃ ይቀርብላችኋል፤ ላለመቀበልም ምክንያት አይኖራችሁም። ነገር ግን የመሰኪያውን ዓይነት፤ በ12 ቮልት መስመር የሚፈለገውን አምፔር፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል መሆኑን፤ የ80 ፕላስ ምስክርነቱንና የዋስትናውን ዘመን ለይታችሁ ብትጽፉ፤ ዝቅተኛውን ዋጋ የሚያቀርበው ነጋዴ ራሱ ደኅናውን ዕቃ ለማምጣት ይገደዳል። አምስት መስመር ጽሑፍ የመንግሥትን ገንዘብ ያድናል።

ደኅናዪቱን ገዝታችሁ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ጠብቋት። በደንቡ መሠረት ጥሩ ፓወር ሰፕላይ መብራት ሲቋረጥ ከሰከንድ አንድ ሺሕኛው 16 ያህል እጅ ኮምፒውተሩን አቆይታ ትይዛለች። ዩፒኤስ ያለው ሰው ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ የሚዞረው በዚችው ቅጽበት ውስጥ ነው። ዩፒኤስ እያለ ኮምፒውተሩ የሚጠፋበት ሰው እንግዲህ ዩፒኤሱን ብቻ አይውቀስ፤ ሣጥኒቱንም ይመርምር። ቮልቱ እጅግ ለሚዋዥቅበት ቤት ስታቢላይዘር ይረዳል። ሦስተኛው የመሬት ሽቦ በቤታችሁ መኖሩንም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይይላችሁ። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የሌለው ሰው ግን ተስፋ አይቍረጥ። መብራት ሲጠፋ ገመዱን መንቀል፤ ሲመጣም አምፖሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ምንም አያስከፍልም። በየጥቂት ወሩም አቧራዋን ከውጭ በኩል በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ እንደዚሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሞተችውን ሣጥን በጉጉት ከፍታችሁ አትነካኩ። በውስጧ ያለው ትልቁ ካፓሲተር 310 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ሳይለቅ ሊቆይ ይችላል። ሰውን ለመግደል የሚበቃ ኃይል ነው። ለሚያውቅበት ጠጋኝ ስጡት፤ እርሱ ከውስጧ የሚጠቅመውን ያወጣል።

ታላቁ የህዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ያ ሁሉ ኃይል ከዓባይ ሸለቆ ተነሥቶ ተራራ አቋርጦ እጃችን ላይ ሲደርስ፤ የመጨረሻውን አንድ ክንድ መንገድ የሚሄደው በዚህች በብረት ሣጥን ውስጥ ነው። የቀረውን መንገድ ሌሎች ይጠብቁታል፤ ይህችን አንድ ክንድ ግን የምንመርጣትም የምንጠብቃትም እኛው ነን። እንግዲህ ለገበያ ስትወጡ አሮጌዋን በፌስታል፤ እርሳስና ወረቀትም በኪሳችሁ ያዙ፤ አምፔሩንም በ12 ማባዛት አትርሱ።